የጠመንጃ መነጽር ሲገዛ፦ የተኳሾች ልዩ ልዩ አመለካከት ጎን ለጎን ሲታይ

በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ሰዎችን ያስቡ። አንደኛው ሰደፉ የተፋፋቀ፣ ብዙ ያገለገለ ጠመንጃ ይዟል፤ በላዩ ያሰረው መነጽር ግን የጠመንጃውን ሦስት እጥፍ ያወጣል። ሌላኛው በልዩ ትእዛዝ ያሠራው፣ ሲያዩት ዓይን የሚማርክ ጠመንጃ አለው፤ መነጽሩ ግን ከሁሉም ርካሹ ነው። ሁለቱም ጎረቤታቸውን እያዩ በልባቸው “ገንዘቡን ያለቦታው አዋለ” ይላሉ። እንዲህ ያሉ ጥንዶችን በዓመታት ውስጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዳንዴ የመጀመሪያው ልክ ነበር፣ አንዳንዴም ሁለተኛው። ሁለቱም የተሳሳቱበት ቀንም ነበር።

ስለ መነጽር የሚነሳ ክርክር ሁሉ ላይ ላዩን የዋጋ ክርክር ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዳምጡት ግን እያንዳንዱ ሰው ከመነጽሩ የሚጠብቀው ሥራ የተለየ መሆኑን ይረዳሉ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚመዝነው ዓይኑ የሚያየውን ብቻ ነው፤ የመስታወቱን ጥራት፣ የማጉላት ቁጥሩንና የተጻፈበትን ስም። መነጽር ሜዳ ላይ ባለቤቱን የሚከዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በማይታየው በኩል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አመለካከቶች የመዘንኳቸው ገዢውን ወደዚህ ወደማይታየው ክፍል ያቀርቡታል ወይስ ያርቁታል በሚለው ነው።

ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ

መነጽር ሦስት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ መያዝ አለበት፤ ማለትም ዛሬ ያስተካከሉት መስቀለኛ መስመር ከመቶ ጥይት በኋላም፣ ከመኪና ጉዞ በኋላም እዚያው መገኘት አለበት። ቀጥሎ መታዘዝ አለበት፤ የማስተካከያ ቁልፉን አሥር ጠቅታ ሲያዞሩት የአሥር ጠቅታ ያህል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ መንቀሳቀስ አለበት። በመጨረሻም ማሳየት አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሥራዎች የሚከናወኑት በትልቁ ቱቦ ውስጥ በተሸሸገ ሌላ ትንሽ ቱቦ ነው። ይህ የውስጥ ቱቦ በአንድ በኩል በማስተካከያ ቁልፉ ብሎን ይገፋል፣ በሌላው በኩል ደግሞ በሞላ (ስፕሪንግ) ይደገፋል። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ይናጣል፣ ከዚያም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞላው የደከመ ወይም ብሎኑ በግድየለሽነት የተሠራ ከሆነ የሚመለሰው ወደ ቀድሞ ቦታው አጠገብ እንጂ ወደ ራሱ ቦታ አይሆንም። ተኳሹ “ዛሬ እጄ ከዳኝ” ብሎ ራሱን ይወቅሳል። በዚህ ምክንያት ተስፋ ቆርጠው ተኩስ የተዉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ እጃቸው ደኅና ነበርና።

“መነጽሩ ከጠመንጃው ዋጋ አይነስ” የሚሉት

በተኳሾች ዘንድ በጣም የተለመደው ምክር ይህ ነው። ለጠመንጃው ያወጡትን ያህል ለመነጽሩ ያውጡ፤ ከተቻለም እጥፍ ያድርጉት ይላል። ምክሩ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ቅብ የሌለው መስታወት ብርሃን በነካው ገጽ ሁሉ 4 ከመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። አምስት ሌንስ ያለው መነጽር አሥር ገጽ አለውና ወደ ውስጥ ከገባው ብርሃን ሲሶው የሚጠፋው በነጸብራቅ ብቻ ነው። በዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ አሌክሳንደር ስማኩላ እ.ኤ.አ. በ1935 ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ የባለቤትነት መብት ካስመዘገበ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ ጥሩ ድርብርብ ቅብ ያለው ሌንስ በአንድ ገጽ የሚያጠፋው ግማሽ ከመቶ ገደማ ነው፤ በአሥሩ ገጽ ቢደመር 5 ከመቶ ቢሆን ነው።

በጥሩና በመጥፎ መነጽር መካከል ያለው ልዩነት የቀንና የማታ ያህል በነበረበት ዘመን የእጥፍ ሕጉ ሰውን ከብዙ ጸጸት ያድን ነበር። አሁን ግን በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡት መነጽሮች እንኳ ቅባቸው ጥሩ ነው። ሕጉ ደግሞ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ የጠመንጃ ዋጋ ስለ ተኩሱ ዓይነት ምንም አይነግረንም። ርካሽ ሆኖ እጅግ በትክክል የሚመታ ጠመንጃ ሞልቷል፤ እርሱን ይዞ በ800 ሜትር ላይ የሚወዳደር ሰው ከጠመንጃው የሚበልጥ መነጽር ያስፈልገዋል። በተቃራኒው ያጌጠና ውድ የሆነ ጠመንጃ ይዞ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ከ80 ሜትር በላይ የማይተኩስ አዳኝ ቀላልና ጠንካራ መነጽር ይበቃዋል። የእጥፍ ሕጉ ጀማሪን ከዝርክርክ ዕቃ ያርቀዋል፤ ይህን አልክድም። ግን ማሰብን በማባዛት ይተካዋል።

አንዴ ከፍሎ መገላገል ወይስ ደረጃ በደረጃ መውጣት

እዚህ ላይ ነው ትልቁ የጠባይ ልዩነት የሚታየው። የመጀመሪያዎቹ “አንዴ አንገብግቦኝ ይለፍ” ባዮች ናቸው። ሁለት ዓመት ቆጥበው የሚችሉትን የመጨረሻ ጥሩ መነጽር ይገዛሉ፣ ከዚያ በኋላ ስለ መነጽር አያስቡም። ሁለተኛዎቹ ባላቸው ገንዘብ ይጀምራሉ፣ ይተኩሳሉ፣ ይማራሉ፣ ይሸጣሉ፣ ከፍ ያለ ይገዛሉ።

የመጀመሪያዎቹ ዋና መከራከሪያ ሒሳብ ነው። ሦስት ጊዜ እየገዛ ሦስት ጊዜ በኪሳራ የሸጠ ሰው ከመጀመሪያው ጥሩውን ሊገዛበት የሚችለውን ገንዘብ አውጥቷል። ይህ እውነት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። ሌላም የማከብርላቸው ነገር አለ። ጥሩ መነጽር ከጥርጣሬ ያሳርፋል። ጥይቱ ከዒላማው ወጣ ሲል ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ፈልገው ያርማሉ፤ መማር ማለት ደግሞ ይኸው ነው።

ደካማ ጎናቸው የሚታየው ገና ምን ዓይነት ተኳሽ እንደሚሆኑ ሳያውቁ ሲገዙ ነው። አንድ ወዳጄ ጠመንጃ በያዘ በሁለተኛው ወሩ እስከ 25 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 56 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ መነጽር ገዛ። ዕቃው እንከን የለውም። በዓመቱ ግን ልቡ ወደ ተራራ አደን አዘነበለ፤ ያ መነጽር ትከሻውን አጎበጠው። ሆኖም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ለሦስት ዓመት ተሸከመው፤ ምክንያቱም “የመጨረሻው መነጽሬ ነው” ብሎ ለሁላችንም ነግሮን ነበር።

ደረጃ በደረጃ የሚወጡት ከዚህ ይድናሉ። በመጀመሪያው ቀላል መነጽር ከ3 እስከ 9 ጊዜ ሲያጎሉ ከርመው “እኔ ከ6 በላይ ተጠቅሜ አላውቅም” ብለው የሚደመድሙ ብዙ ናቸው። ይህ ዕውቀት በገንዘብ አይተመንም። የእነርሱ አደጋ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት በታች ሊሆን ይችላል። መስመሩን የማይዝ መነጽር ይዞ የጀመረ ሰው አይማርም፣ ይደናገራል እንጂ። ስለዚህ በደረጃ መውጣትን የምደግፈው የመጀመሪያው መነጽር የሚይዝ እስከሆነ ድረስ ነው። ብዙ ባያጎላ፣ መስታወቱ በዳር በኩል ቢደበዝዝ ግድ የለም። ይያዝ ብቻ።

ለጀማሪ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የምመርጠው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ ቀላል፣ የማጉላት አቅሙ መጠነኛ የሆነ፣ ግን ከታወቀ አምራች የተገኘ ጠንካራ መነጽር። በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ ቁልፍና ብዙ ማጉላት የሚሰጥዎ ሌላ መነጽር ካዩ ያ ገንዘብ ከየት እንደተቀነሰ ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ የተቀነሰው ከውስጥ ነው።

ቁጥር የሚወዱና ቁጥር የሚፈሩ

በመነጽር ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ቀላል ናቸው። 3-9×40 ማለት ከ3 እስከ 9 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት ለፊቱ 6-24×50 የተጻፈበት ሲቀመጥ፣ ዋጋውም ሲቀራረብ፣ የጀማሪ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል፤ እጁም ወደ ትልቁ ቁጥር ይሄዳል።

ይህን ዝንባሌ አጥብቄ የምቃወምበት ምክንያት አለኝ። ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት የሚገኘው የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉላት ቁጥሩ በማካፈል ነው። 40ን ለ6 ሲያካፍሉ 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 50ን ለ24 ሲያካፍሉ ግን 2.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሰው የዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊከፈት ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይወርዳል። እንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ በ24 ጊዜ ማጉላት የሚያይ ሰው የዓይኑን አቅም አብዛኛውን ክፍል ባዶ አስቀምጦ ነው የሚያየው። ከዚያም በላይ ክቡ ስለጠበበ ጭንቅላቱን ትንሽ ሲያነቃንቅ ምስሉ ይጠፋበታል። የጀርመን አዳኞች ለሌሊት የዱር አሳማ አደን 8×56 መነጽርን ለብዙ ዘመን የወደዱት በዚህ ስሌት ነው፤ 56 ለ8 ሲካፈል ልክ 7 ይመጣል።

የእይታ ስፋትም አለ። 3 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር በ100 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይታያል። በ9 ሲያደርጉት ወደ 4 ሜትር ይጠባል፤ በ24 ደግሞ ከ2 ሜትር በታች ነው። አዳኝ እንስሳውን ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ከእንስሳው ኋላ ምን እንዳለ፣ ከጎኑ ሰው አለ ወይስ የለም የሚለውን ማየት ግዴታው ነው። ስለዚህ ለአዳኝ ከከፍተኛው ይልቅ ዝቅተኛው የማጉላት ቁጥር ይጠቅመዋል። ለመመርመር፣ ለመለየት፣ ሩቅ ያለውን ለማወቅ የሚሆነው በአንገት የሚንጠለጠለው ባለሁለት ዓይን መነጽር ነው። ማንነቱ ወዳልታወቀ ነገር ጠመንጃ አዙሮ “ምን ይሆን?” ብሎ ማየት ከባድ ጥፋት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አላውቅም።

ቁጥር የሚፈሩትም በበኩላቸው ያጋንናሉ። “አያቶቻችን በ4 ጊዜ ማጉላት ሁሉን ይመቱ ነበር” ይላሉ። ቋሚ የ4 ወይም የ6 ጊዜ መነጽር የሚያስመሰግን ነገር እንዳለው አምናለሁ፤ የሚንቀሳቀስ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ይቀላል፣ በቀላሉ አይበላሽም። ነገር ግን በወረቀት ዒላማ ላይ ቀዳዳዎችን እያጠጋጋ የሚወዳደር ሰው 4 ጊዜ አጉልቶ መስመሩን በአንድ ነጥብ ላይ ማሳረፍ አይችልም፤ መስመሩ ራሱ ነጥቡን ይሸፍንበታል። ለእርሱ 20ና ከዚያ በላይ ቅንጦት አይደለም። የሞቀ አየር በሚንቀጠቀጥበት ቀትር ግን እርሱም ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ማጉላት መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላልና።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ቱቦ ውፍረት አንድ ነገር ልበል። 30 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ25.4 ሚሊ ሜትሩ የበለጠ ብርሃን ያስገባል የሚባለው ስሕተት ነው። የሰፊው ቱቦ ጥቅም የውስጡ ቱቦ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ቦታ መስጠቱ ነው፤ ይህም ለረጅም ርቀት ተኳሽ ይጠቅማል። በ150 ሜትር ላይ ለሚተኩስ ሰው ትርፉ ክብደት ነው።

መስታወቱ ይቅደም ወይስ የውስጥ አሠራሩ?

ልምድ ያላቸው ተኳሾች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን “ያላየሁትን አልመታም” ይላል። ሌላው “ያየሁትን ሁሉ ካልመታሁ ማየቴ ምን ይረባኛል?” ሲል ይመልሳል።

እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። ሚል የሚባለው መለኪያ በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተለመደው ጠቅታ የሚል አንድ አሥረኛ ስለሆነ በ100 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል። በሌላው መለኪያ፣ በማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ክፍል) በሚሠራው፣ የሩብ ደቂቃ ጠቅታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አሁን አንድ መነጽር 2 ከመቶ ቢሳሳት፣ ተኳሹ 10 ሚል ሲያዞር እርሱ የሚንቀሳቀሰው 9.8 ነው። ልዩነቱ በ1000 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ስሕተት የተነሳ ዒላማውን የሳተ ሰው መስታወቱ ክሪስታል ቢሆን ምንም አያጽናናውም።

ይህን ለመፈተሽ ሱቅ አያስፈልግም። ከፍታው ከአንድ ሜትር በለጥ ያለ ወረቀት ላይ በቱምቢ የተስተካከለ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ ልክ 100 ሜትር ርቀት ላይ ያቁሙ፣ ከታች አልመው ጥቂት ጥይት ይተኩሱ። ከዚያ 10 ሚል ወደ ላይ አዙረው፣ አሁንም ከታች እያለሙ ይተኩሱ። ሁለተኛዎቹ ቀዳዳዎች ከመጀመሪያዎቹ 100 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ በመስመሩም ላይ ማረፍ አለባቸው። 98 ላይ ካረፉ የስሕተቱን መጠን አወቁ። ከዚያ ወደ ዜሮ መልሰው ይተኩሱ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች መካከል ካልገባ መነጽሩን ለሻጩ ይመልሱ። የመጀመሪያው ጥይት ሳይለወጥ ቀርቶ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ “እየተስተካከለ” የሚሄድ ከሆነም ይመልሱት፤ ሞላው እየያዘ የሚለቅ ነው።

መስታወት ይቅደም የሚሉት ግን አንድ ቦታ ላይ ረትተውኛል፤ እርሱም የአዳኞች የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ነው። ቁልፉን አንዴ አስተካክሎ ክዳኑን የዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይነካው አዳኝ የ10 ሚል ትክክለኛነት ምን ያደርግለታል? የእርሱ ጥያቄ በድንግዝግዝታ ቀንዱን ከቁጥቋጦ መለየት ነው። ለእርሱ መያዝ ይቅደም፣ ማሳየት ይከተል፤ መታዘዝ ይቅርበት ቢባል አይጎዳም።

ከዚህ ጋር የሚነሳው መስቀለኛው መስመር የት ይቀመጥ የሚለው ነው። በፊተኛው የምስል ወለል ላይ (በመነጽሩ ውስጥ ምስሉ ከሚፈጠርባቸው ሁለት ቦታዎች በፊተኛው) ያለ መስመር ምስሉ ሲጎላ አብሮ ይጎላል፤ በላዩ ያሉት ምልክቶችም በየትኛውም ማጉላት እውነተኛ ናቸው። በኋለኛው ወለል ላይ ያለው መጠኑ አይለወጥም፤ ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ማጉላት ብቻ፣ ብዙ ጊዜም በከፍተኛው ነው። በግማሹ ማጉላት እያንዳንዱ ምልክት እጥፍ ይሆናል። የፊተኛው ደጋፊዎች ሌላውን እንደ ኋላ ቀር ያዩታል፤ ይህ ልክ አይደለም። የፊተኛው መስመር በዝቅተኛ ማጉላት እንደ ክር ይቀጥንና በደን ጥላ ውስጥ ይጠፋል። ቁልፍና ምልክት እየተጠቀመ በሩቅ ለሚተኩስ የፊተኛው፣ በቅርብ ለሚያድን የኋለኛው ይሻላል።

ስምና ዋስትና

አንዳንዱ ገዢ አባቱ የነበረውን ስም ይገዛል። በቪየና እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተው ካሌስ፣ በኦስትሪያ ቲሮል የሚገኘው ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ፣ በጀርመን በ1957 የተቋቋመው ሽሚት ኤንድ ቤንደር፣ በአሜሪካ ኦሪገን ያለው ሊዩፖልድ ስማቸውን ያገኙት በሥራቸው ነው፤ ተከታይ ማፍራታቸው አይገርምም። ነገር ግን ብዙ ሰው ያልተገነዘበው፣ አንድ ስም ከላይ እስከ ታች አንድ ጥራት ማለት አለመሆኑን ነው። ብዙ ስሞች መነጽሮቻቸውን የሚያሠሩት በጃፓን፣ በፊሊፒንስና በቻይና ባሉ ፋብሪካዎች ነው፤ አንዱ ፋብሪካም ለብዙ ስሞች ይሠራል። ስለዚህ ስሙን ሳይሆን የሞዴሉን መስመር ይመርምሩ።

በሌላ በኩል “ዋስትናው የዕድሜ ልክ ከሆነ የቱንም ብገዛ ግድ የለኝም” የሚሉ አሉ። ቮርቴክስ የተባለው መነጽር አምራች ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣ መነጽሩ ከሰው ወደ ሰው ቢተላለፍም የሚያከብረው የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው፤ በዚህም ብዙ ደንበኛ አፍርቷል። መልካም ነገር ነው። ሆኖም ዋስትና የተበላሸውን ይጠግናል እንጂ የጠፋውን የአደን ቀን ወይም ያመለጠውን ውድድር አይመልስም። ከአምራቹ አገር ርቆ የሚኖር ሰው ደግሞ መነጽር አሽጎ በጉምሩክ አሳልፎ መልሶ እስኪያገኝ ወራት ይቆጥራል። ለእርሱ አለመበላሸት ከመጠገን ይበልጣል።

ያገለገለ የሚገዙ፣ ከናካቴው የማይገዙ

ያገለገለ ጥሩ መነጽር ከአዲስ መናኛ ይሻላል የሚሉትን እደግፋለሁ፤ በቅድመ ሁኔታ። ቱቦው ላይ የቀለበት ጥርስ የነከሰው ጠባሳ ካለ ይተዉት። ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፤ በአንድ ቦታ ላይ ጠቅታው ከላላ ወይም ከጠነከረ ይተዉት። በፊት ሌንሱ በኩል መብራት አብርተው በሌላኛው በኩል ሲያዩ ውስጡ እንደ ላብ ያለ እርጥበት ከታየ አየር ገብቶበታል፤ ጉም እንዳይዘው በውስጡ የተሞላው ናይትሮጅን ወጥቷል ማለት ነው። ዋስትናው ወደ አዲስ ባለቤት ይተላለፍ እንደሆነም ይጠይቁ።

መነጽር ጨርሶ የማይፈልጉ፣ በጠመንጃው የብረት ማነጣጠሪያ የሚጸኑም አሉ። አከብራቸዋለሁ። በብረት የተማረ ሰው ቃታ መሳብን፣ እስትንፋስ መያዝን በደንብ ያውቃል። ዓይኑ እያረጀ የፊተኛው ጉጥ የደበዘዘበት ሰው ግን በትምክህት አይቆይ፤ አነስተኛ መነጽር መግዛት ሽንፈት አይደለም።

ሁሉም ወገን የሚዘነጋው ብረት

ከዓመታት በፊት አንድ መነጽር ቦታውን እየለቀቀ አስቸገረኝ። ጠዋት ያስተካከልኩት ከሰዓት በኋላ አራት ጣት ወደ ግራ ይሄዳል። ለሻጩ መለስኩት፣ ሌላ ሰጠኝ፤ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ሆነ። ሦስተኛውን ውድ መነጽር ልገዛ ስዘጋጅ አንድ አዛውንት ተኳሽ ጠመንጃዬን ተቀብለው መነጽሩን በሁለት ጣት ይዘው ወዘወዙት። የተወዘወዘው መቀመጫው ነበር፤ የታችኛው ብሎን ላልቷል። ሁለት መነጽር የሰደብኩት ያለ ጥፋታቸው ነው።

መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያይዙት ቀለበትና መቀመጫ ከማንኛውም ክርክር ይቀድማሉ። ልል ከሆኑ መነጽሩ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቁ ቱቦው ይጨመቅና የውስጡ ቱቦ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ለቀለበት ብሎን ብዙውን ጊዜ የሚመከረው 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ የአምራቹ መመሪያ የሚለው ግን ይበልጣል። ጥብቀቱን የሚለካ ካቻቪቴ አንዴ ይግዙ፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የመነጽር በጀት ሲያወጡ የቀለበቱን ከመጀመሪያው ይቀንሱለት። የተረፈው ነው የመነጽሩ ገንዘብ።

እንግዲህ እርስዎ የትኛው ነዎት?

በደን ውስጥ፣ ከ150 ሜትር ወዲህ የሚያድኑ ከሆነ “ቀላል መነጽር ይበቃኛል” የሚሉት ወዳጆችዎ ልክ ናቸው። ከ2 እስከ 7 ወይም ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ፣ ክዳን ያለው ቁልፍና ቀላል መስቀል ያለው መነጽር ይውሰዱ። በ100 ሜትር የተስተካከለ ቋሚ ፓራላክስ (ዓይን ከመሃል ሲወጣ መስቀሉ ከዒላማው ላይ የሚሸሽ መምሰሉ) አያስፈራዎ፤ 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለው መነጽር በ300 ሜትር እንኳ ዓይንዎ ከመሃል እስከ ዳር ቢወጣ የሚያመጣው ከፍተኛ ስሕተት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

በማለዳና በምሽት የሚያድኑ ከሆነ “መስታወት ይቅደም” የሚሉትን ይስሙ፤ ከ7 እስከ 8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ሰፊ የሆነ ይምረጡ። ርግጫው ኃይለኛ የሆነ ጠመንጃ ካለዎት ዓይንዎ ከመነጽሩ ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሙሉ ምስል ማየቱን በተኩስ አቋምዎ ላይ ሆነው ያረጋግጡ፤ ከዚያ የቀረበ መነጽር ቅንድብ ይሰነጥቃል።

ከ500 ሜትር በላይ የሚተኩሱ ከሆነ አንዴ ከፍሎ መገላገል የሚሉትን ይከተሉ፤ እዚህ ቦታ ላይ ርካሽ ነገር አይገኝም። መለኪያዎ ሚል ከሆነ ቁልፉም መስመሩም ሚል ይሁኑ፤ አንዱ ሚል ሌላው ደቂቃ የሆነ መነጽር በነጻ ቢሰጥዎ አይውሰዱ።

በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ “ይህማ ርግጫ የለውም፣ ማንኛውም መነጽር ይሆነዋል” ሊልዎ ይችላል። አይመኑ። የሞላ አየር ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ፒስተኑ ሲያርፍ ደግሞ ወደ ፊት ይመታል፤ ለተራ ጠመንጃ የተሠሩ መነጽሮች ይህን የተገላቢጦሽ ምት እንዲችሉ ተደርገው ላይሠሩ ይችላሉ፤ ውድ የሆኑትም ጭምር ሲሰበሩ ታይቷል። ለአየር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራውን ጠይቀው ይግዙ፤ ከቀለበቱ ኋላ መነጽሩ እንዳይንሸራተት የሚያግድ ማቆሚያም ያስገጥሙለት።